የአያቴ ካባና የአጎቴ ዒቃል

ኩዌት
ጀማደል አወል 1398 ዓመተ ሂጅራ

ለአጎቴ ለሙፍሊሕ
ሰምራ፣ መዓን

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎ ላይ፣ እናት ሆና ባሳደገችኝ በወድሓ ላይ፣ አንድ ጡት በተጋራነው በልጅዎ በወንድሜ በሰጣም ላይ፣ በግመሎቹና በዚያች ተረከዝ በምትነክሰው ውሻም ላይ ሳይቀር ይውረድ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁና ከዚህ አገር ወበቅ በቀር የሚያመኝ የለም።

አጎቴ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ዓምና ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝን የፊዳን ነገር አባቷ ቆርጦ ልኮልኛል፤ ሠርጉ ከዓረፋ በኋላ ይሁን ብሏል። እኔም እሺ ብያለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ በግም አይደለም። የአያቴን ካባ ነው።

ይህን ስጽፍ ካባው ፊቴ ድቅን ይላል። ያ ቡናማ የግመል ጠጉር፣ በአንገቱ ዙሪያ የሚወርደው የወርቅ ክር፣ ግራ ትከሻው ላይ ፍም ያቃጠለውና አያቴ ራሳቸው በወፍራም ክር የጠቀሙት ቀዳዳ። አባቴ በሱ አገባ። እርስዎም በሱ አገቡ፤ ያውም ወድሓ እንደምትምለው ረዝሞብዎት ጫፉን ረግጠው ሙሽራዋ ፊት ሊደፉ ምንም አልቀረዎትም ነበር። ሰጣምና እኔ ደግሞ ልጆች ሳለን ተማምለናል፤ በኔ ሠርግ ካባውን ትከሻዬ ላይ የሚጥለው እሱ ነው፣ በሱ ሠርግ እኔ። ይንገሩልኝ፣ ቃሉን እንዳይረሳ።

አሁንም የምሠራው ሐጂ ጃሲም ሱቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ካባና ሻሽ ስዘረጋ፣ ስሰበስብ፣ እነዚያን ሻሽ የሚይዙ ጥቁር የገመድ ቀለበቶች፣ ዒቃሎቹን፣ በየመጠናቸው ስደረድር እውላለሁ። እዚህ ያለው ካባ ሌላ ነው አጎቴ! ጨብጠውት እጅ ውስጥ የሚጠፋ፣ ትከሻ ላይ ሲጥሉት የሌለ የሚመስል ካባ አለ። መጀመሪያ ያነሳሁ ቀን ሐጂ ጃሲም፣ «አንተ የበረሃ ሰው፣ እሱን ስትይዝ ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ» አለኝ። እኔም አፌን መያዝ አልቻልኩም፣ «የኛን ቤት ካባ ቢያዩ እርስዎ ከወንበርዎ ተነስተው ነበር የሚይዙት» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እስቲ አምጣውና እንነሳ» አለኝ።

እና ካባውን ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይስጡልኝ። የአንገቱን የወርቅ ክር እዚሁ አሳድሼ፣ እዚሁ አስተኩሼ፣ ለብሼው እመጣለሁ።

ልጅዎ ዓይድ


ሰምራ
ጀማደል አኺር 1398

ለወንድሜ ልጅ ለዓይድ

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ እጅህንም ከክፉ ያርቅልህ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። መልሱ በመዘግየቱ አትቀየመን፤ ዘንድሮ ክረምቱ ከብዶን ነበር። ዝናቡ ግን ጥሩ ነበር፤ ሳሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ውሻዋ አራት ወልዳለች። ፊዳን በሩቅ አይቻታለሁ፣ ጤነኛ ናት። አባቷ አሁንም ነገር ሲገባው አፍንጫውን ያሻል።

ካባው አሁን ቤት የለም። ጊዜው ሲደርስ እንነጋገርበታለን።

ሰጣምም እዚህ የለም፤ ሄዷል። በሄደበት አላህ ይዘንለት። ወድሓ ሰላም ብላሃለች።

አጎትህ ሙፍሊሕ


ኩዌት
ረጀብ 1398

ለአጎቴ ለሙፍሊሕ

ከልብ የሆነ ሰላሜን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ጥላዎን አያንሳብኝ።

ደብዳቤዎ አጠረብኝ። ካባው ቤት የለም ማለት ምን ማለት ነው? ብል በላው? አያቴ ቢኖሩ ብሉን እጁን ይዘው ሸንጎ ያቀርቡት ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሆነ ደግሞ አደራዎን ያስቁሙት፤ የመዓን ልብስ ሰፊ ወርቅ ነው ብሎ ቢጫ ክር ይገጥምበታል።

ሌላም ነገር አለ። ወድሓ ሁልጊዜ በደብዳቤዎ ጫፍ የምታስጽፈው ነገር ነበራት። «ዓሣ አታብዛ፣ ውስጥህን ያቀዘቅዘዋል።» «ሻሽህን ራስህ እጠብ፣ የሰው እጅ አይንካው።» ዘንድሮ ምን አስቀየምኳት? ሰጣምስ ወዴት ነው የሄደው? ወታደር ቤት ከሆነ አድራሻውን ይላኩልኝ። እሱ ሰነፍ ነው፣ እኔ ካልጻፍኩለት አይጽፍም።

አሁን ደግሞ ያየሁትን ልንገርዎ፤ ለእርስዎ ካልነገርኩት ለማን እነግረዋለሁ። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ሱቅ ገባ። ነጭ ሻሽ አድርጓል፣ ዒቃል ግን አልደፋበትም። እኔ የኛን ወግ አውቃለሁና አይቼ ዝም አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ግብጻዊው ፈትሒ ግን ምኑም አይገባውም። «ሐጂ፣ ይሄ ባዶ ሻሽ እኮ ነፋስ ይወስድብሃል። ና አንድ ዒቃል ልሽጥልህ» አለው። ሽማግሌው ቀስ ብሎ፣ «እሱን ልገዛ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ከተገደለ ጀምሮ ራሴ ላይ አላረፈም» አለ።

ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩት ሴቶች እንኳ ዞረው አዩት። ሐጂ ጃሲም፣ ያ ለሚኒስትር የማይነሳው ሰውዬ፣ ብድግ አለ። «ታረቃችሁ?» አለው። «ዛሬ ጠዋት» አለ ሽማግሌው። ሐጂ ጃሲም ከላይኛው መደርደሪያ ጥቁር ዒቃል አወረደ፣ አቧራ ባይኖርበትም በእጁ ጠረገው፣ በሁለት እጁ ይዞ ራሱ ደፋለት። ገንዘብ ሲሰጠው እጁን መለሰበት። ሽማግሌው በመስተዋት ራሱን አየና ዒቃሉን በጣቱ ዳሰሰው። ደመኛ ያለው ሰው ዒቃል አይደፋም ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው። ያን ቀን ሥራዬን ወደድኩት።

የካባውን ነገር አደራ።

ልጅዎ ዓይድ


ሰምራ
ሻዕባን 1398

ለዓይድ

ሰላም ላንተ ይሁን። የጻፍክልንን የሽማግሌውን ነገር ለወድሓ አነበብኩላት። ተነስታ ወጣች።

ካባውን ከተራራው ማዶ ላለ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ችግር ላይ የነበረ ሰው ነው። አትዘንብኝ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ሠርጉን ለከርሞ ብታሳድረውስ? የፊዳን አባት እኔ አነጋግረዋለሁ። አንተም እስከዚያ እዚያው ሁን። ገንዘብ አትላክ፣ የምንፈልገው ነገር የለም። ደህና መሆንህን ብቻ ጻፍልን።

አጎትህ ሙፍሊሕ


ኩዌት
ሸዋል 1398

ለአጎቴ ለሙፍሊሕ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሌላውን ምርቃት ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል፣ ይቅር ይበሉኝ።

የሰምራው አስተማሪ ረሺድ ከኢድ በኋላ ወደዚህ መጥቶ ነበር። በኢድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተነሳችሁትን ፎቶግራፍ ሰጠኝ። ሻይ ጠጣ ስለው ቸኩያለሁ አለ። ስለ ሰጣም ብጠይቀው ጫማውን ያይ ጀመር። «አጎትህን ጠይቅ» ብሎኝ ሄደ።

ፎቶው ላይ እርስዎ መሃል ቆመዋል። ቀዩ ሻሽዎ አለ። ዒቃልዎ የለም። በኢድ ቀን! ካባም የለም። ሰጣምም የለም። ዘመዳችን ጀድዓን ከጎንዎ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ፈትሒ አየና፣ «አጎትህ ሼኽ ሆነዋል ማለት ነው፣ የመስጊድ ሰዎች ዒቃል አያደርጉም» አለኝ። ለአንድ አፍታ ልቤ ሊያምነው ፈለገ። ግን እርስዎ! የጁምዓው ኹጥባ ሲጀመር የሚያንቀላፉት፣ ኢማሙ በሳል የሚቀሰቅስዎት እርስዎ! ፎቶውን ለሐጂ ጃሲም ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ደም ያልተመለሰለት ሰው ነው» አለኝ።

ካባውን ሸጠውታል ብዬ ጠርጥሬዎት ነበር። ምነው ሸጠውት በሆነ!

አጎቴ፣ ሰጣም የት ነው? ሠርጉን አሳድር፣ እዚያው ሁን የሚሉኝ ለምንድን ነው? እንደ ልጅ አይያዙኝ። ሰጣም ወንድም የለውም፣ ያለሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ዒቃሌን አውልቄ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሁሉ አይቶኛል። የደመኛችንን ስም ብቻ ይጻፉልኝ፣ ሌላው የኔ ነው።

ዓይድ


ሰምራ
ሸዋል መጨረሻ 1398

ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ ለዓይድ

አላህ ልብህን ያጽናው። ይህን ከማንበብህ በፊት ቁጭ በል። ብቻህን ከሆንክ ያን ሐጂ ጃሲም የምትለውን ሰው ጥራው። መርዶ በደብዳቤ አይረዳም፤ ሰው ልኬ፣ አስቀምጬ፣ አቅፌ ነበር ማርዳት የነበረብኝ። አንተ ግን መንገድ ዘጋህብኝ።

ሰጣም ሞቷል። ያንተ የካባ ደብዳቤ የደረሰን ገና ኀዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። ወድሓ ከማን እንደሆነ ሳታውቅ አንብብልኝ አለችኝ፤ «ይንገሩልኝ፣ ቃሉን እንዳይረሳ» የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት።

እንዴት እንደሆነ ሳላስቀር እነግርሃለሁ። የዝናብ ቀን ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የአባቴን ካባ ደርቤ እንግዳ ቤት እሳት ዳር ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት ባዶ እግሩን እየሮጠ ገባ፤ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፣ ያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም። ምሰሶውን በሁለት እጁ አቀፈና፣ «ደጅዎ ወድቄያለሁ፣ ያስጥሉኝ! ሰው ገጭቻለሁ፣ ይገድሉኛል!» አለ።

«ይህ ቤት ቤትህ ነው። ማንም አይነካህም» አልኩት።

ማንን እንደገጨ አልጠየቅሁትም። አባቴ፣ ያንተ አያት፣ «ስም ጠይቆ የሚያስጠጋ ሰው ባለቤት አይደለም፣ ነጋዴ ነው» ይል ነበር። ልጁ ጥርሱ እስኪፋጭ ይንቀጠቀጣል። ካባውን ከትከሻዬ አውርጄ አለበስኩት። ወድሓ ዳቦና ወተት አመጣችለት። ዳቦውን ቆርሶ አንዴ እንደጎረሰ ጩኸት ሰማን፤ ጀድዓንና ሌሎቹ ሰጣምን በበር ሳንቃ ተሸክመው ገቡ።

ልጁ አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ ልጁ እኔን አየኝ፤ ካባውን ሊያወልቅ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ።

«ተወው» አልኩት። ይህን ያለው አፌ ነው ዓይድ፣ እኔ ራሴ የት እንደነበርኩ አላውቅም። ቃሌ ከልጄ ሬሳ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ቃሌን ላስወጣው? በየት በር?

ወገን ተሰበሰበ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ በግራና በቀኝ ቆሙ፤ ዱላ የያዘ፣ ጠመንጃ የያዘ። ልጁን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ራሴ አደርሰዋለሁ አልኩ። ወጣን። እኔ ከጎኑ፣ እሱ በካባው ውስጥ። ካባው ረዝሞበት ጭቃው ላይ ይጎተታል፤ በሠርጌ ቀን እንደኔው። ጀድዓን ጠመንጃውን አነሳ። «ሙፍሊሕ፣ ካባውን አውልቅበት!» ብሎ ጮኸ። «ናና አንተ አውልቀው» አልኩት። አልመጣም። የወርቁ ክር በፊቱ ሲያልፍ አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም አወረደ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ፣ የአባቴን ካባ እያዩ፣ ወደ ኋላ አሉ። አንድ እጅ አልነካውም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼም ተደንቄም አላውቅም። ሰው የተሸመነ የግመል ጠጉር አይቶ ደሙን ይውጣል? ሲውጥ አየሁ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ልጁ ሊመልስልኝ አወለቀ። «ሰው ያዳነ ካባ አይመለስም» ብዬ መልሼ ደረብኩለት። ከዚያ ለፖሊስ አስረክቤው፣ ቤቴ ገብቼ ልጄን አጠብኩ።

ከቀብሩ በኋላ የልጁ አባት ሐዛዕ ከተራራው ማዶ ከነሽማግሌዎቹ መጣ። ልጁ ኸለፍ ይባላል። የቀረበላቸውን ቡና ሳይጠጡ መሬት አስቀመጡት፤ ልመናቸው ካልተሰማ እንደማይጠጡት ታውቃለህ። ሐዛዕ ተነሳና ዒቃሉን ከራሱ አውልቆ እግሬ ሥር ጣለው። ነጭ ሽበት ያለው ሰው! እንደ ወጉ ዒቃሉን አንስቼ ለራሱ መልሼ ልደፋለት ይገባኝ ነበር። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር መሬት ላይ ያለውን አላየሁትም። የራሴን አውልቄ ደፋሁለት። «ቡናችሁን ጠጡ» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ስህተቴን ያወቅሁት ከሄዱ በኋላ ነው፤ የሐዛዕ ዒቃል ምንጣፉ ላይ ቀርቷል፣ የኔ ሄዷል።

እንግዲህ ፎቶው ላይ ያየኸው እሱን ነው። ደም የሚፈልግ ሰው አይደለም ያየኸው። የሐዛዕ ዒቃል ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ልደፋው አልቻልኩም፣ ልጥለውም አልቻልኩም። አዲስ ልግዛ ብዬ መዓን ወርጄ በሱቁ በር አልፌ ተመለስኩ።

ያልነገርኩህ አንተን ስለማውቅህ ነው። ወገን ሁሉ ቃሌን ተቀብሏል፤ ጀድዓን እንኳ ጥርሱን ነክሶ ተቀብሏል። የቀረኸው አንተ ነህ። አንድ ጡት ጠብታችኋልና ልጁን ብትገድለው ማንም አይወቅስህም። ግን እወቅ፤ በዚያ ልጅ ላይ እጅህን ብታነሳ የምትወጋው ካባውን ነው፣ ካባው ውስጥ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ቃሌ ዛሬ በእጅህ ላይ ነው።

ጻፍልኝ።

አጎትህ ሙፍሊሕ


ሰምራ
ዙልቂዕዳ መጨረሻ 1398

ለዓይድ

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሰላም ያድርግህም።

ወር አለፈ፣ ቃል አልላክህም። ጀድዓን ግን ከሹፌሮች ሰምቷል። ለዓረፋ እንደምትመጣ፣ ዒቃል ሳትደፋ እንደምትመጣ፣ መጀመሪያ ወደ ተራራው ማዶ እንደምትሄድ ተናግረሃል አሉ። ሐዛዕም ሰምቷል። ከእርቁ በኋላ ከእስር የተለቀቀውን ልጁን አልደበቀውም። «ሙፍሊሕ ቃል ሰጥቶኛል» ብሏል።

እኔ ካንተ ጋር በቃል አልከራከርም። ሐዛዕ ለኔ ያደረገውን ላንተ አደርጋለሁ። የምጥልልህ ዒቃል ስለሌለኝ ሻሼን ልኬልሃለሁ። ጥቅሉን ስትፈታ ታገኘዋለህ፤ ቀዩ ነው፣ ፎቶው ላይ ያየኸው። ሽማግሌ ለልጁ ራሱን ገልጦ አያውቅም፣ በወገናችን አልተሰማም። እኔ አደረግሁት። ሌላ ሻሽ አላደርግም። አንተ እስክትመልስልኝ ድረስ ባዶ ራሴን ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ጁምዓም አልወጣም፣ እንግዳም አልቀበልም።

የሚከተለው የወድሓ ቃል ነው። እንዳለችው ነው የምጽፈው፤ ካጠፋህልኝ አውቃለሁ ብላኛለች።

«ዓይድ፣ አጎትህ ይቅር ብሏል። እኔ ገና ነኝ። ማታ ያንን ልጅ እረግመዋለሁ፤ ሲነጋ ዳቦዬን ጎርሷል ብዬ እርግማኔን አነሳለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው የምኖረው። አንተ ግን ብትገድለው ሰጣም አይነሳልኝም፣ አንተም ትጨመርበታለህ። ሁለት ልጅ አጥብቻለሁ፣ ሁለቱንም አልቀብርም። ደግሞ ይህን ሰውዬ እየው። ምድጃ ዳር ባዶ ራሱን ተቀምጧል። ራሰ በራነቱን ከአገር ሁሉ ስደብቅለት ኖሬ፣ ዛሬ ባንተ ምክንያት ዶሮ እንኳ አየችው። ሻሹን መልስለት። ዓሣም አታብዛ።»

አጎትህ ሙፍሊሕ


ኩዌት
ዙልሒጃ መግቢያ 1398

ለአጎቴ ለሙፍሊሕ፣ ለእናቴ ለወድሓ

የአላህ ሰላም በእናንተ ላይ፣ እዝነቱም በወንድሜ በሰጣም መቃብር ላይ ይውረድ። ስሙን ከዚህ ቃል ጋር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

አልዋሽም። የሰማችሁት እውነት ነው። ሹፌር ተነጋግሬ ነበር፤ በየት እንደምገባም አስቤ ጨርሼ ነበር። ደብዳቤዎን ከጅምሩ እስከ ጫፉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር እርስዎን አደንቅና ልጁን እጠላ ነበር። ሁለቱ አብረው ልቤ ውስጥ ተቀምጠው አልጣላ አሉ። ለዚህ ነው ያልጻፍኩት።

ጥቅሉ ሱቅ ነው የደረሰኝ። ሐጂ ጃሲም ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ዋጋ ይነጋገር ነበር፤ ያ ሰው ከኛ ሱቅ ካለው ሁሉ የሚበልጠውን፣ ትንፋሽ የሚያክለውን ካባ ትከሻው ላይ አድርጎ መስተዋት ፊት ቆሟል። ጥቅሉን ፈታሁት። ቀዩ ሻሽ ወጣ። የእርስዎ ሽታ አለው፤ የትምባሆና የግመል። ፈትሒ፣ «ለእጥበት ነው? ጨርቁ እኮ አልቋል» አለኝ። ደብዳቤውን ገለጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። የካባዎቹ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ጃሲም ከእጄ ወሰደና ጮክ ብሎ አነበበው። «ሌላ ሻሽ አላደርግም» የሚለው ጋ ሲደርስ አቆመ።

ብድግ አለ። ያ ትልቅ ሰውም መስተዋቱን ትቶ ዞረ፤ ያልከፈለበትን ካባ ከትከሻው አውርዶ በክንዱ ያዘው። ተቀምጠው የነበሩት ገበያተኞች ተነሱ። ፈትሒ እንኳ፣ ያ ወጋችን የማይገባው ፈትሒ፣ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ደንግጦ መልሶ አደረገው። አጎቴ፣ እነዚህ ሰዎች እርስዎ ማን እንደሆኑ አያውቁም። ሰምራን በካርታ አያገኟትም። ለአንድ አሮጌ ሻሽ ግን ሁሉም ቆሙ፣ እኔ አጥፌው እስክጨርስ ማንም አልተቀመጠም። «የኛን ቢያዩ ተነስተው ነበር የሚይዙት» ብዬ ፎክሬ ነበር። ፉከራዬ ከኔ ይልቅ እርስዎን ያውቅ ኖሯል።

ጥላቻዬ ከልቤ ወጥቷል አልልም። እንደ ወድሓ ነኝ፤ ማታና ጠዋት ይለያይብኛል። ግን እጄ ታስሯል፣ ያሰሩትም እርስዎ ነዎት፣ ሲያስሩኝም ራስዎን ገልጠው ነው። ከዚህ በኋላ እጄን የሚያነሳው ዓይድ የእርስዎ ልጅ አይደለም።

ለከርሞ አላሳድረውም፤ ሠርጉ በቀኑ ነው። ለኸለፍም ጽፌያለሁ፤ ደብዳቤው ይህን በሚያመጣልዎት ሹፌር እጅ ነው። «ካባውን ይዘህ ና። ጫፉ ላይ ጭቃ ካለ አትጠበው። ትከሻዬ ላይ የሚጥለው ወንድሜ ሰጣም ነበር፤ እሱ ስለሌለ አንተ ትጥልልኛለህ» ብዬዋለሁ። ይህን ያልኩት ግን ከወድሓ ፈቃድ በታች ነው። እናቴ፣ ያ እጅ ካባውን ሲያነሳ ማየት ካልቻልሽ በአንድ ቃል አስቁሚው፤ ያለ ካባ አገባለሁ፣ አልቀየምሽም። ከቻልሽ ደግሞ ከጎኔ ቁሚ። እኔም ብቻዬን የምችለው አይመስለኝም።

ሻሹን በፖስታ አልላክሁትም። ዛሬ በበረሃው መንገድ ወደ መዓን የሚነዳ ሹፌር አግኝቻለሁ፤ የትም ሳያድር እንዲያደርሰው በአላህ አስምዬዋለሁ። ሐጂ ጃሲም ያ ትልቅ ሰው የተወውን ካባ አውርዶ ሻሹን በሱ ጠቀለለው። «ሻሹ ይድረስ፣ ካባው ይቅርላቸው» አለኝ። ከሻሹ ጋር ዒቃል ያገኛሉ። አዲስ አይደለም፣ ከሚስማሩ ላይ ያወረድኩት የራሴ ነው። መጠናችን አንድ ነው፤ ጎረምሳ ሳለሁ የእርስዎን ሰርቄ ስደፋ ይመታኝ የነበረው እጅዎ ያውቃል።

እኔ ታዲያ ለሠርጌ ዒቃል የለኝም። የእርስዎ ቤት ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ አለ። የሐዛዕን እደፋለሁ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ያቁሙት አጎቴ። ጥቅሉን ይፍቱ። ራስዎን ይሸፍኑ።

ልጅዎ ዓይድ